«ብቃት»፣ «ማረጋገጫ»፣ «ፈቃድ»፦ ስለ አንድ የሕግ ስያሜ የቀረበ ሂስ

ሕዝቡ «መንጃ ፈቃድ» የሚለውን ሰነድ ሕጉ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል። ይህ ስያሜ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአዋጅ ቁጥር 600 ርእስ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074ም እንዳለ ተቀብሎታል። ጥፋቱ የቃላት መብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሂስ ባላስፈለገው፤ የጽሕፈት ቤት አማርኛ ርዝመትን ይወዳልና። ችግሩ ያለው ግን ከፍቺው ላይ ነው።

በመሠረቱ «ማረጋገጫ» እና «ፈቃድ» የተለያየ ተግባር አላቸው። ማረጋገጫ ምስክርነት ነው፤ ያለውን ነገር አለ ይላል። ፈቃድ ግን ሥልጣን ያለው አካል የሚሰጠውና የሚያነሣው መብት ነው። ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ፈቃዱ ቢታገድ፣ ትናንት የነበረው ችሎታ ዛሬ አልጠፋም፤ የተወሰደበት መብቱ ነው። ምስክርነትማ ሐሰት ሆኖ ካልተገኘ በቀር በምን ይታገዳል? «መንጃ ፈቃድ» የሚለው የሕዝቡ ቃል ይህን ልዩነት ያለ አርቃቂ እገዛ ጠብቆ ኖሯል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው «ብቃት» የሚለው ነው። ቃሉ ሁለት ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል፤ ይኸውም በሥልጠናና በፈተና የሚገኘውን ችሎታ፣ እንዲሁም ለመንዳት የሚያስፈልገውን የዓይን፣ የአካልና የአእምሮ ጤንነት። ሁለቱ አብረው አይመጡም፤ አብረውም አይሄዱም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው የዓይን ሞራ ቢጋርደው ችሎታው አልጎደለም። የሚጥል በሽታ የያዛት ሴትም እንዲሁ ናት። እነዚህን ሰዎች «ብቃት የላቸውም» ብሎ በጽሑፍ ማሰናበት፣ ሐኪም ሊናገረው የሚገባውን ነገር ፈታኝ እንደ ተናገረው ያስቆጥራል፤ የዕድሜ ልክ ሙያንም ያለ አግባብ ያዋርዳል። ሞራው ከተገፈፈ በኋላም ሰውየው ዳግመኛ የሚመረመረው ዓይኑ ይሁን የመሪ አያያዙ ከስያሜው አይታወቅም። በበኩሌ አንደኛውን «የመንዳት ችሎታ»፣ ሁለተኛውን «ለመንዳት የሚያበቃ ጤንነት» ማለትን እመርጣለሁ። ርዝመትን ነቅፌ ረጅም ስያሜ ማቅረቤን አልክድም፤ ነገር ግን ይኸኛው ርዝመት አንድ ነገር ብቻ ይናገራል።

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987ቱ አዋጅ ቁጥር 3 በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ሲገኝ ለአማርኛው የበላይነት ሰጥቷል። እንግዲህ አማርኛው ሲደበዝዝ ወደ እንግሊዝኛው መሸሽ አያዋጣም ማለት ነው።

ስለ «አሽከርካሪ» ግን የተሻለ አስተያየት አለኝ። ጎረቤቱ «ሹፌር» በትውልድ ቋንቋው በፈረንሳይኛ እሳት አንዳጅ ማለት ነበር፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እሳት የማያነድ ሹፌር መብዛቱ ፈገግ ያሰኛል። «አሽከርካሪ» ከ«ተሽከርካሪ» ጋር ጥንድ ሆኖ ይቆማል፤ በ«አ» የተነሣው አድራጊ፣ በ«ተ» የተነሣው ተደራጊ ነው።

ይህን ጥንድነት የሚፈትኑ ሕጎች በሌላ አገር ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የብሪታንያ ሕግ፣ ራሱን በሚነዳ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መኪናው ሲጠይቀው መሪውን ሊረከብ የሚገባውን ሰው ለብቻው ሰይሞታል፤ መኪናው ራሱን እየነዳ ሳለ በአነዳድ ለሚፈጸም ጥፋት ይህ ሰው በጠቅላላው አይጠየቅም። የጀርመን የ2021 ሕግ ደግሞ ከመኪናው ውጭ ሆኖ የሚከታተል ባለሙያ ይጠይቃል።

አማርኛ ለዚህ ባዶ እጁን አይደለም። የ«ተ» ግሥ ተደራጊን ብቻ ሳይሆን በራሱ የሚሆነውንም ያሳያል፤ «ኳሱ ተሽከረከረ» ስንል የገፋው ሰው መኖሩ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ «ተሽከርካሪ» የሚለው ቃል ነጂ ለሌለው መኪናም ሳይለወጥ ያገለግላል። ውስጥ ለተቀመጠው ሰው «አሽከርካሪ» ማለት ያላደረገውን አደረገ ማለት ስለሚሆን «ተጠባባቂ ነጂ» ይሻላል። ልብ መባል ያለበት፣ ይህ ሰው ችሎታው የሚፈለገው አልፎ አልፎ ሲሆን ንቃቱና ጤንነቱ ግን በጕዞው ሁሉ የሚፈለግ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን በአንድ «ብቃት» የሚጠራ ሕግ ይህን ሰው በምን ቃል እንደሚያዘው አይታየኝም።

ከሩቅ ሆኖ ለሚከታተለው ባለሙያ ግን ገና የረካሁበት ቃል የለኝም። «ተቆጣጣሪ» እንዳንለው ቃሉ በከተማ አውቶቡስ ቲኬት ለሚያየው ሰው ተይዟል።