«ይበል» ባዩን ማሠልጠን፦ የተማሪዎች የሙዚቃ ውድድርና የጎጃም ቅኔ ቤት

የትምህርት ቤት የሙዚቃ ውድድር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መድረክና ሽልማት ነው። ድምፁ ያማረ ልጅ ይመረጣል፣ የታወቀ ዘፈን ያጠናል፣ ይሸለማል፤ የቀረው ተማሪ አጨብጭቦ ይበተናል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ውድድር ልጆችን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር የሚያዛምደው ረጅም ትምህርት ሲቀድመውና ትምህርቱ አድማጩንም ሲያሠለጥን ነው። ለዚህ ከደብረ ማርቆስና ከአምበር እስከ ዲማ ያለው የጎጃም ደጋ የራሱ ምሳሌ አለው፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው።

ኢትዮጵያ ለዘመናት ተጠንቶ የኖረ የዜማ ሥርዓት ባለቤት ናት። በትውፊቱ መሠረት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች ያቆመው ዜማ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት የምልክት ጽሕፈት አግኝቷል። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርቶች ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር ሲደምቁ ጎጃም በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ መፍለቂያ ሆነ። ቅኔ ግጥም ብቻ አይደለም፤ የዜማ ልክ አለው፣ በማኅሌትም ይዜማል። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ ቃልንና ዜማን አንድ ላይ ይማራል።

የትምህርቱ አካሄድ ለዛሬ ትምህርት ቤት ብዙ የሚነግረው ነገር አለ። ጀማሪው በሁለት ቤት (ስንኝ) ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ በአምስት ቤት ዋዜማና በስድስት ቤት ሥላሴ አድርጎ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔ ሲዘርፍ፣ ማለትም ሲያፈልቅ፣ ያዳምጣል፤ ከዚያ ብቻውን ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውንም ይናገራል፣ ይታረማል። ነባሩ ተማሪ ታናሹን ያስነግራል። የሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ስለሆነ ልጁ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ፈጣሪ መሆን ግድ ይለዋል።

ፉክክሩም በዚሁ ውስጥ ነው። በበዓል ቀን ቅኔ ሲቀርብ ሰሚው ሰሙን ከወርቁ ይለያል፣ ቤቱ መምታቱንና ዜማው መግጠሙን ይመዝናል፣ ሲረካ «ይበል!» ይላል። ይህን የሚለው ራሱ ቆጥሮ የታረመ ሰው ነው። ያልተማረ ጆሮ ግን ከድምፅ ማማር አልፎ የሚፈርድበት መለኪያ የለውም።

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርትም ከዚህ ጋር አይጣላም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የዋሽንቱን እረኛ በኦርኬስትራ ድርሰት አሰምቷል። የዚሁ ትምህርት ቤት ፍሬ የሆነው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በቡልጋሪያ ተምሮ የአውሮፓን ሥራዎች ከኢትዮጵያ ዜማዎች ጎን ይጫወታል። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ የተማሩትን ሙዚቃ ከያሬዳዊው መንፈስ ጋር በፒያኖ አዋሕደዋል። በቬንዙዌላ እ.ኤ.አ. በ1975 ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የጀመረው ኤል ሲስተማ የድሃ ልጆችን በኦርኬስትራ ሲያሰባስብ ታላቁ ታናሹን የሚያስተምርበትን መንገድ ይዟል። የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ግን መልስ ይሻሉ። አንደኛው የሃይማኖት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ሥርዓተ አምልኮውን ትቶ የማስተማሪያ ዘዴውን ሊወስድ ይችላል፤ ለልምምዱም የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ቅኝቶች፣ ማሲንቆና ዋሽንት አሉለት። ሁለተኛው የሴት ልጆች ጉዳይ ነው። የቅኔ ቤት በአብዛኛው የወንዶች ሆኖ ኖሯል፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ይሁን እንጂ የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያው በጎጃም ቅኔ ማስተማራቸው የሴቶች ቦታ ማነስ ከልማድ እንጂ ከችሎታ እንዳልመጣ ያረጋግጣል። ሦስተኛው የቆሎ ተማሪ ረሃብና የአርጩሜው ነገር ነው፤ እርሱ ሊወረስ የሚገባው አይደለም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባትን በአንደኛ ደረጃ ስላስገባ በሩ ተከፍቷል። በአምበር ያለ መምህር ፒያኖ ባይኖረውም ተማሪዎቹ በሁለት ስንኝ የራሳቸውን ዜማ እንዲያወጡ፣ አንዱ የሌላውን ምክንያት እየሰጠ እንዲያርም፣ ከፍ ያለው ክፍል ዝቅ ያለውን እንዲያስነግር ማድረግ ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው ውድድር አዲስ የተፈጠረ ሥራ ብቻ ይቅረብ፤ የተማሪ ዳኞችም ነጥባቸውን በቃል ያስረዱ። ዋሽንት ነፊውና የቅኔ መምህሩ በእንግድነት ይጋበዙ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ውድ ዕቃና አዳራሽ አይጠይቅም፤ ቅኔ ቤቶችም በሣር ጎጆና በዛፍ ጥላ ሥር ሊቃውንት አፍርተዋል።

ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎች፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ባለሙያዎች ከቅኔ መምህራን ጋር ተቀምጠው ለመምህራን አጭር የማስተማሪያ መመሪያ ያዘጋጁ። ከዋንጫው በፊት በጀት ሊያዝ የሚገባው ለዚህ ነው።