የሮዘንበርግ ልጆች ፍለጋ፦ በልብ ወለድና በሰነድ መካከል

ጁን 19 ቀን 1953 ማምሻውን፣ ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች ክፍል ተሰጥቷቸው፣ ከዋሽንግተን ጋር የሚያገናኝ የስልክ መስመር ተከፍቶላቸው ይጠባበቁ ነበር። ጁሊየስና ኢቴል ሮዘንበርግ በመጨረሻዋ ሰዓት ልባቸው ቢከዳቸውና ቢናዘዙ ከኤሌክትሪክ ወንበሩ ሊተርፉ ይችሉ ነበር። መርማሪዎቹ ለጁሊየስ ያዘጋጁት የጥያቄ ዝርዝር ከብዙ ዓመታት በኋላ ይፋ ሲወጣ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ሚስቱ ሥራውን ታውቅ እንደነበር የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ በወንጀሉ ተካፋይ ናት ተብላ ልትገደል ደቂቃዎች ቀርተዋል፤ የከሰሳት መንግሥት ግን ታውቅ እንደሆነ ገና ይጠይቃል። ባልና ሚስቱ ምንም አልተናገሩም። የ10 ዓመቱ ማይክልና የ6 ዓመቱ ሮበርት በዚያ ምሽት እናትና አባት አጡ።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ከወላጆቹ ይልቅ ልጆቹ ላይ፣ ከእነሱም ፍለጋ በተወለዱትና በዙሪያው በተጻፉት ሥራዎች ላይ ነው። ሥራዎቹ አራት ናቸው፦ የኢ. ኤል. ዶክተሮው ልብ ወለድ «መጽሐፈ ዳንኤል» (1971)፣ ወንድማማቾቹ በጋራ ያሳተሙት «ልጆቻችሁ ነን» (1975)፣ የሮበርት ግለ ታሪክ (2003) እና የማይክል ልጅ አይቪ ሚሮፖል የሠራችው ዘጋቢ ፊልም (2004)። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የማነሣው ጥያቄ፣ የታሰረ ወላጁን ንጽሕና የሚሻ ልጅ እውነትን ሊፈልግ ይችላል ወይ የሚል ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች አይችልም ባይ ናቸው፤ ልጅ ጠበቃ እንጂ ዳኛ አይሆንም ይላሉ። የሮዘንበርግ ልጆች ታሪክ ይህን አስተያየት ያስተባብላል ባይ ነኝ፤ ማስተባበያው ግን እነሱ መጀመሪያ ባሰቡት መንገድ አልመጣም።

ጉዳዩን ባጭሩ ላስታውስ። ጁሊየስ መሐንዲስ፣ ኢቴል የቤት እመቤት፣ ሁለቱም በኒውዮርክ ድሃ የአይሁድ ሰፈር ያደጉ ኮሚኒስቶች ነበሩ። እሱ በጁላይ 1950፣ እሷ በኦገስት ተያዙ። ክሱ ለሶቪየት ኅብረት ለመሰለል ማሴር ነው። ዋናው ምስክር የኢቴል ታናሽ ወንድም ዴቪድ ግሪንግላስ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአቶም ቦምቡ ይሠራበት በነበረው ሎስ አላሞስ በማሽን ሠራተኛነት ያገለገለ ወታደር ነው። ዴቪድ ችሎት ቆሞ፣ ያመጣውን የምስጢር ማስታወሻ እህቱ በታይፕ ጽፋዋለች አለ። ዐቃቤ ሕጉ ኧርቪንግ ሳይፖልም በመዝጊያ ንግግሩ ኢቴልን ታይፕ ፊት አስቀምጦ፣ እያንዳንዷን የፊደል ምት በገዛ አገሯ ላይ ያረፈ ዱላ አድርጎ ሳላት። ዳኛ ኧርቪንግ ካውፍማን ወንጀሉን ከነፍስ ግድያ የከፋ ብሎ፣ በኮሪያ የወደቁትን ወታደሮች ሳይቀር በባልና ሚስቱ ላይ አሸክሞ ሞት ፈረደ። ዴቪድ 15 ዓመት ተፈረደበት። ማስታወሻው ሲጻፍ አብራ ነበረች የተባለችው የዴቪድ ሚስት ሩት ከናካቴው አልተከሰሰችም።

ልጆቹ የዘመድ ፊት ዞረባቸው። ለጊዜው በብሮንክስ የሕፃናት ማሳደጊያ ገቡ፣ ከአያት ወደ ወዳጅ ቤት ተዘዋወሩ፣ በመጨረሻ አቤልና አን ሚሮፖል የተባሉ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ወሰዷቸው። አቤል በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ይፈጸም የነበረውን የስቅላት ግድያ የሚያወግዘውን «ስትሬንጅ ፍሩት» የተሰኘ ዘፈን የደረሰ መምህር ነው። ወንድማማቾቹ በሚሮፖል ስም፣ ማን መሆናቸው ሳይታወቅ አደጉ።

ዶክተሮው ልብ ወለዱን ያሳተመው እነሱ ገና በዝምታቸው ሳሉ ነው። በመጽሐፉ ወላጆቹ ፖልና ሮሼል አይዛክሰን ይባላሉ፤ ልጆቹም ዳንኤልና እህቱ ሱዛን ናቸው። ዳንኤል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያዘጋጅ ተቀምጦ የሚጽፈው የወላጆቹን ነገር ነው። አንባቢ ሊያዝንለት ሲዘጋጅ ዳንኤል አይመችም፤ ሚስቱን ያሠቃያል፣ ትረካውን ያቋርጣል፣ አንባቢውን ይሰድባል። የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተበደለ ልጅ ጨዋና ንጹሕ ሆኖ እንዲያድግ የምንጠብቀው እኛ ነን፤ ዶክተሮው በደሉ ሰውየው ውስጥ ገብቶ ምን እንዳደረገው ያሳየናል። ሱዛንማ ጨርሶ አልተረፈችም።

ይሁን እንጂ ደራሲው አንድ ነገር ሸሽቷል። በእውነተኛው ታሪክ ኢቴልን አሳልፎ የሰጣት የእናቷ ልጅ ነው። በልብ ወለዱ ግን ከዳተኛው ሴሊግ ሚንዲሽ የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ የቤተሰቡ ወዳጅ ነው። ዳንኤል ካሊፎርኒያ ድረስ ተከትሎት ሄዶ ዲዝኒላንድ ውስጥ ሲያገኘው ሽማግሌው ዕድሜ አእምሮውን አሳጥቶታል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ትዕይንቱ ከዘመናዊ የአሜሪካ ልብ ወለድ ከማይረሱት አንዱ ነው፤ መልስ ፍለጋ የተጓዘ ልጅ በአሻንጉሊት ከተማ መካከል ከሚስመው የጃጀ ሽማግሌ ጋር ይቀራል። ነገር ግን ወንድም ወዳጅ ሲሆን፣ ከዳተኛውም ሲጃጅ፣ የጉዳዩ መራራ እምብርት አብሮ ተነቀለ። እውነተኛው ዴቪድ አልጃጀም። በ1960 ከወህኒ ወጥቶ ስሙን ቀይሮ ኖረ፤ በ2001 ለጋዜጠኛ ሳም ሮበርትስ፣ ቀጥሎም በቴሌቪዥን፣ ስለ ታይፑ የሰጠው ቃል ሚስቱን ለማዳን ሲል የሰጠው እንደነበር ተናገረ። ከእህቱ ይልቅ ሚስቱንና ልጆቹን እንደመረጠ ሲገልጽም ብዙ የተጸጸተ አይመስልም። ይህን ዓይነት ሰው ልብ ወለድ ውስጥ ማስገባት ከዲዝኒላንዱ ትዕይንት የከበደ ሥራ በሆነ ነበር።

«ልጆቻችሁ ነን» በአንጻሩ የተሟጋች መጽሐፍ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ስማቸውን ገልጠው፣ የወላጆቻቸውን የወህኒ ደብዳቤዎች አሰባስበው፣ አባትም እናትም ንጹሓን ናቸው፣ ክሱ የመንግሥት ፈጠራ ነው ብለው ተነሡ። ማይክል ስለ ልጅነቱ የጻፋቸው ገጾች ዛሬም ይነበባሉ፤ አባቱ ሲያዝ በሬዲዮ የ«ሎን ሬንጀር»ን ትረካ ያዳምጥ ነበር። ደብዳቤዎቹ የንጽሕና ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ ግን መጽሐፉ ይደክማል። የወህኒ ደብዳቤ ሳንሱር እንደሚያነበው፣ ነገም ሊታተም እንደሚችል በሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ፍቅርን ይመሰክራል፤ ጁሊየስ ከሶቪየት ሰላዮች ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን ግን ሊመሰክር አይችልም። ልጆቹ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለየት ያኔ ዝግጁ አልነበሩም። ማንስ ይፈርድባቸዋል?

በዚያው ዓመት ያደረጉት ሌላ ነገር ግን ከመጽሐፉ የበለጠ ዋጋ አለው። በመረጃ ነጻነት ሕጉ መሠረት መንግሥትን ከስሰው የወላጆቻቸው መዝገብ እንዲከፈት ጠየቁ፤ በዚህም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ወጡ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጠበቃ የሚጠቅመውን ማስረጃ መርጦ ያቀርባል። እነዚህ ልጆች ግን ምን እንደያዘ የማያውቁት መዝገብ በሙሉ ይከፈት አሉ፤ አባታቸውን የሚኮንን ወረቀት ሊወጣ እንደሚችል እያወቁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። በዚህ ጉዳይ ግን እውነቱ እያደር አልጠራም፤ መዝገብ በመዝገብ፣ ክስ በክስ ነው ተጎትቶ የወጣው።

የሚኮንነው ወረቀትም ወጣ፤ ከሌላ አቅጣጫ። በ1995 የአሜሪካ መንግሥት «ቬኖና» በሚል ስያሜ ለአሥርት ዓመታት ደብቆ የያዛቸውን፣ በጦርነቱ ጊዜ ተጠልፈው ኋላ የተፈቱ የሶቪየት የስለላ ቴሌግራሞች አሳተመ። «አንቴና»፣ ኋላም «ሊበራል» የሚል የምስጢር ስም የተሰጠው ሰው ጁሊየስ መሆኑ ግልጽ ነበር። ኢቴል የምስጢር ስም አልነበራትም። በኖቬምበር 1944 የተላከ አንድ ቴሌግራም ስለ ባሏ ሥራ እንደምታውቅ፣ ጤናዋ ደካማ በመሆኑ ግን እንደማትሠራ ይገልጻል።

ሮበርት በ2003 ባሳተመው ግለ ታሪክ ውስጥ የዚህ ድንጋጤ ዱካ ይታያል። ከ28 ዓመት በፊት የነበረው ድምፅ የለም፤ አባቱ አንድ ነገር አድርጎ ሊሆን እንደሚችል ያስባል፣ ይጠረጥራል፣ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ከአራቱ ሥራዎች ለእኔ የበለጠው ይህ ነው፤ በአጻጻፍ ውበት ዶክተሮውን አይደርስበትም፣ ዳንኤል ግን እንዲህ ሐሳቡን ሲለውጥ አናየውም። አይቪ በበኩሏ ፊልሟን የሠራችው ለዘመዶቿ ጥያቄ ይዛ ነው፦ ሁለቱን ሕፃናት ለምን ማንም አልወሰዳቸውም? ስለ ስለላው አዲስ ነገር አላገኘችም፤ ካሜራ ፊት መቅረብ ያልፈለጉት ዘመዶች ብዛት ግን በራሱ ይናገራል።

በሴፕቴምበር 2008 ደግሞ ከሮዘንበርግ ጋር ተከስሶ ከ17 ዓመት በላይ የታሰረው ሞርተን ሶቤል፣ በ91 ዓመቱ፣ እሱና ጁሊየስ ለሶቪየት መረጃ ያቀብሉ እንደነበር አመነ። ወንድማማቾቹ አላንገራገሩም፤ አባታቸው ሰላይ እንደነበር በአደባባይ ተቀበሉ። አንድ የ65፣ አንድ የ61 ዓመት ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከራከሩለትን ግማሹን ነገር በአንድ ሳምንት አስረከቡ። ልጅ ዳኛ አይሆንም ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የቀረው ግማሽ ኢቴል ናት። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው ዝግ ሸንጎ፣ ግራንድ ጁሪ የሚባለው፣ የሰማው ቃል በዚያው በ2008 ሲከፈት፣ ሩት በኦገስት 1950 ማስታወሻውን ራሷ በእጇ እንደጻፈችው ተናግራ ነበር። የታይፑ ታሪክ ብቅ ያለው በፌብሩዋሪ 1951፣ ችሎቱ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዴቪድ የራሱ ቃል እንዳይወጣ ተከላክሎ ነበር፤ በ2014 ከሞተ በኋላ በ2015 ሲለቀቅ፣ ስለዚህ ጉዳይ ከእህቱ ጋር ጨርሶ ተነጋግሮ እንደማያውቅ ለሸንጎው መናገሩ ታወቀ። መንግሥትም ቢሆን ድክመቱን ያውቀው ነበር። የኤፍ ቢ አይ ኃላፊ ኤድጋር ሁቨር ሚስቲቱን መክሰስ ባልየውን ለማናገር መፈንቅል ሊሆን እንደሚችል ገና በጁላይ 1950 ጽፏል፤ ከዐቃብያነ ሕጉ አንዱ የሆነው ማይልስ ሌን ደግሞ በፌብሩዋሪ 1951 ለምክር ቤት አባላት በዝግ ስብሰባ፣ በእሷ ላይ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ባይሆንም ከባድ ቅጣት ሊወሰንባት እንደሚገባ ነግሯቸዋል።

ተቃራኒውን የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሮናልድ ራዶሽ፣ ጆን ኧርል ሄይንስና ሃርቪ ክለር ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ክርክራቸውን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። በሴፕቴምበር 1944 የተላከ ቴሌግራም ጁሊየስና ሚስቱ ሩትን ለሥራው የምትሆን ብልህ ሴት ብለው እንዳመሰገኗት ይናገራል። ስለዚህ ኢቴል ምንም የማታውቅ የዋህ ሚስት ነበረች የሚለው ሥዕል አይቆምም፤ ልጆቹን የሚደግፉ አንዳንድ ጸሐፊዎች ወደዚህ ሥዕል ማዘንበላቸው ጉዳዩን ይጎዳዋል። ይሁን እንጂ ማወቅና መሥራት፣ አስተያየት መስጠትና ምስጢር በታይፕ መገልበጥ በሕግ ፊት ሚዛናቸው አንድ አይደለም። የተፈረደባት በታይፑ ነው፤ የታይፑ ታሪክ ደግሞ ፈርሷል። በ2024 ይፋ የሆነው፣ የኮድ ፈቺው ሜሬዲት ጋርድነር በኦገስት 1950 የጻፈው ማስታወሻም ስለ ባሏ ሥራ ብታውቅም በሕመሟ ምክንያት ራሷ እንዳልሠራች ይገልጻል። ቀኑን ልብ ይሏል፦ ማስታወሻው ሲጻፍ ኢቴል ከታሰረች ሳምንት ብዙም አላለፈም።

ማይክል በጁን 1953፣ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የተጻፈ የምሕረት ልመና ይዞ ዋይት ሃውስ በር ላይ ቆሞ ነበር። በዲሴምበር 2016 ሁለቱም ወንድማማቾች፣ አሁን አያቶች ሆነው፣ በእናታቸው ላይ ያለ አግባብ መፈረዱን መንግሥት እንዲያምን የሚጠይቅ አቤቱታ ይዘው ወደዚያው ሄዱ። ባራክ ኦባማ ሳይወስኑ ሥልጣን ለቀቁ። የጋርድነር ማስታወሻ ከወጣ በኋላ ጥያቄው ለጆ ባይደን ቀረበ፤ እሳቸውም በጃንዋሪ 2025 ሲለቁ በኢቴል ሮዘንበርግ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ እንዳለ ነበር።