«ልብን ማሸት» ወይስ «ደረትን መጫን»?

የሕክምና ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚመረጠው ስያሜ ሰሚውን ለተግባር የሚያዘጋጅ መሆን ይገባዋል። ልቡ በድንገት የቆመን ሰው ስለ መርዳት በሚነገሩ ቃላት ረገድ ግን ይህ መመዘኛ ተዘንግቷል። ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛው «የልብ ድካም» ነው። ይህ ስም ደምን በበቂ ኀይል መግፋት ለተሳነው ልብ፣ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ለሚመጣው ሕመም፣ አልፎ አልፎም ልብ ፈጽሞ ለመቆሙ ይነገራል። በሁለቱ ልብ እየመታ ነው፤ ታማሚውም ብዙውን ጊዜ ይናገራል። በሦስተኛው ግን ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹ ይቋረጣል ወይም እንደ ጣር ይቆራረጣል፤ አንጎሉም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ለሦስተኛው «የልብ መቆም» የተባለው ብቻ ሊጸና ይገባል።

ሁለተኛው «ልብን ማሸት» ነው። ቃሉ መነሻ የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሐኪሙ ክላውድ ቤክ በቀዶ ሕክምና ላይ ልቡ የቆመበትን ልጅ ያዳነው፣ በተከፈተው ደረት ውስጥ ልቡን በእጅ እየጨመቀ፣ ቀጥሎም በኤሌክትሪክ ንዝረት ምቱን በመመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ኮወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር ደረት ሳይከፈት ከውጭ በመጫን ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል ሲያሳዩም አሮጌውን ስም አልተዉም። ሥራው ተለወጠ፤ ስሙ ቀረ። በአማርኛ ደግሞ «ማሸት» የዛለ ጡንቻን በቅቤ ማፍታታትን ያሳስባል። የሚፈለገው ግን የአዋቂን ደረት መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መጫን ነው። በቃሉ ተመርቶ የሚያሽ ሰው ታማሚውን አይረዳም። «ደረትን መጫን» ግን ስምም መመሪያም ነው።

ሦስተኛው «ከሞት ማስነሣት» ነው። ይህ የተአምር ቋንቋ በመሆኑ፣ በስፍራው የተገኘው ሰው «ሞቷል» ብሎ እጁን እንዲሰበስብ ያደርገዋል። ሕዝቡ «ነፍስ ዘራ» ይላልና «ነፍስ መዝራት» የተሻለ ነው። ኔጎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 ሰውየው ነፍስ ከዘራ በኋላ ስለሚከተለው ደዌ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች «በኋላ» የሚለው ቃል ሥራው ያለቀ ያስመስላል በማለት ስያሜውን «ከልብ መቆም በኋላ» ወደሚል ለወጡት። በእኛም ዘንድ መዝራት መሰብሰብ አይደለም፤ ቃሉ ቀሪውን ሥራ ያስታውሳል።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሦስቱን ስያሜዎች ቢያርሙ፣ ትርፉ የቋንቋ ጥራት ብቻ አይሆንም።