ግጥም የሌለው ዘፈንና የግጥሙ ዱካ፦ ስለ ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘፈንን ስንመረምር ግጥሙን ጽፈን ዜማውን መተው ልማዳችን ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ግን ተጽፎ የሚተነተን ስንኝ የሌለውን ሥራ ነው።

ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያ የግል ካሴቱን በ1985 ሲያወጣ ባንድ አልነበረውም። በዋሽንግተን በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የምት ማሽኑን ብቻውን ይዞ ቀረጸው። ሥራው «ሸሞንሟናዬ» በሚል መጠሪያ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው።

ኮልፌ ቀራኒዮ ባለው ቤቴ፣ ቡና ላይ፣ ይህን ሥራ ከፍቼ ነበር። «አምባሰል» ሲደርስ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ግጥሙን ከራሳቸው እያወጡ ያንጎራጉራሉ። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ። አኮርዲዮን በወናፉ ይተነፍሳል፤ እንደ ዘፋኝ ድምፁን ይስባል፣ ሐረግ ላይ ያርፋል። ባለ ዐሥራ ሁለት ቀለሙን ወል ቤት ስድስት ስድስት ላይ ሰብሮ ማዜም የለመደ ጆሮ እንዲህ ያለ ዕረፍት ሲሰማ የጎደለውን ቃል ራሱ ይሞላል። ስለዚህ ግጥሙ ከካሴቱ ቢጠፋም ከአድማጩ አልጠፋም።

«ሽለላ» ሲመጣ ግን ጎረቤቴ ዝም አሉ። ቆይተውም ይህ የሚሸልለው በማን ላይ ነው ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከብዙ የሂስ ጽሑፍ ይበልጣል። ሽለላ የአደባባይ ቃል ነው፤ ጠላት ይሰማው ዘንድ ይነገራል፣ ወገን ይነሣሣበታል፣ ሸላዩም ዘሩንና ግዳዩን ይቈጥርበታል። አንጎራጓሪ ብቻውን ቢሆን አይጎድልበትም፤ ሸላይ ግን ያለ ተቀባይ ሸላይ አይባልም። ማሽኑ ምቱን ሳያዛንፍ ይመታል እንጂ «በለው!» ብሎ አይመልስም።

ይህን እንደ ድክመት የሚቈጥር ይኖራል። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ ቈጥሬው ነበር። አሁን ግን በእኔ እምነት የ«አምባሰል» መሳካትና የ«ሽለላ» መጉደል ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የሠሪው ብቸኝነት ነው። በባዕድ አገር አንድ ክፍል ውስጥ የሚሸልል ሰው የሚያሰማው ጀግንነቱን ሳይሆን የአደባባዩን አለመኖር ነው። ይህን ለመግለጽ የሽለላን ያህል የሚስማማ ዘውግ አይገኝም።

እንግዲህ ሥነ ቃልን በጽሑፍ ብቻ የምናስተምር ከሆነ የሚያመልጠን ዜማው ብቻ አይደለም። አንዱ ግጥም ለምን ያለ ቃል እንደሚኖር፣ ሌላው ደግሞ ያለ ሰው ለምን እንደማይኖር የሚለውም ጥያቄ ያመልጠናል። ተማሪዎቻችን ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ይህን ሥራ፣ ቢቻል ግጥሙን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጠው፣ ቢያዳምጡት መልካም ይመስለኛል።