ጠባቂና ሐኪም በአንድ ሕግ፦ የፍሎሪዳው የትምህርት ቤት ደኅንነት ሕግ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ፓርክላንድ ከተማ በሚገኘው ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የቀድሞ ተማሪ በከፈተው ተኩስ 14 ተማሪዎችና 3 ሠራተኞች ተገደሉ። ከ23 ቀናት በኋላ የግዛቱ አገረ ገዢ ሪክ ስኮት በትምህርት ቤቱ ስም የተሰየመውን የሕዝብ ደኅንነት ሕግ ፈረሙ። ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት የተያዘለት ይህ ሕግ የተማሪዎችን የአእምሮ ጤናና የትምህርት ቤቶችን ጥበቃ በአንድ ሰነድ የደነገገ በመሆኑ፣ ከጤና ባለሙያ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል።

በቅድሚያ የሕጉን በጎ ጎን መጥቀስ ተገቢ ነው። ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ብቻ የሚውል 69 ሚሊዮን ዶላር መድቦ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ ገንዘቡን የሚያውልበትን ዕቅድ እንዲያቀርብ አስገድዷል። ምደባው በቀጣዮቹ ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። የትምህርት ቤት ሠራተኞችም የወጣቶችን የአእምሮ ችግር ምልክቶች ለይተው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት እንዲችሉ እንዲሠለጥኑ ተደንግጓል። ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት መሆኑን የሚያውቅ ሐኪም አገልግሎቱ ልጆቹ ባሉበት ቦታ መሰጠቱን ይደግፋል።

ሆኖም ሕጉ ተማሪውን የሚመለከትበት ዓይን ሁለት ነው። በዚያው በጀት የትምህርት ቤት ሕንፃዎችን ለማጠናከር ወደ 99 ሚሊዮን ዶላር፣ ፈቃደኛ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ለማስታጠቅ ደግሞ 67 ሚሊዮን ዶላር ተመድቧል። የክፍል መምህራን በ2018 ከትጥቁ በአብዛኛው ውጭ የነበሩ ሲሆን፣ በ2019 በወጣው ማሻሻያ እንዲታጠቁ ተፈቅዷል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሕጉን አስተሳሰብ የሚገልጠው ስለ ተማሪ ምዝገባ የተጻፈው ድንጋጌ ነው። አዲስ ተመዝጋቢ ከዚህ ቀደም ከትምህርት ቤት መባረሩን፣ ተይዞ መከሰሱን፣ በወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ሥርዓት የተወሰደበትን እርምጃ እንዲያስታውቅ ይጠየቅ ነበር፤ የ2018ቱ ሕግ በዚሁ ዝርዝር ላይ ወደ አእምሮ ጤና አገልግሎት መላኩንም ጨመረበት። ሕክምና መፈለግ ከክስና ከመባረር ጎን ተሰለፈ ማለት ነው። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት የማያደርሱ፣ ይልቁንም ለጥቃት የተጋለጡ መሆናቸው ይታወቃል። ምሥጢሩ በመዝገብ እንደሚሰፍር የተረዳ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፤ ወላጁም ከአማካሪው ይልቅ ዝምታን ይመርጣል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በአንድ እጁ የሰጠውን አገልግሎት በሌላው እጁ ይነሳል።

ሥጋቱ በተግባርም የሚታይ ነው። በ1971 የወጣውና ቤከር አክት በመባል የሚታወቀው የፍሎሪዳ ሕግ ራሱን ወይም ሌላውን ይጎዳል ተብሎ የሚሠጋ ሕመምተኛ ያለፈቃዱ እስከ 72 ሰዓት ተይዞ እንዲመረመር ይፈቅዳል። በ2018/19 በጀት ዓመት በግዛቱ በልጆች ላይ የተጀመሩት እንዲህ ያሉ ምርመራዎች ከ37 ሺህ በላይ ነበሩ። አሠራሩ ቀድሞም የነበረ በመሆኑ ቁጥሩን በአዲሱ ሕግ ላይ መጫን አግባብ አይሆንም። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ የታጠቀ ጠባቂ እንዲኖር ሲደረግ፣ የተጨነቀን ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪው ከትምህርት ቤት ከመወሰዱ በፊት ለወላጅ ለማሳወቅ ጥረት እንዲደረግ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ2021 ነው።

ከሕክምና አንጻር የተሻለው የሕጉ ክፍል ስለ ሕመም የማይናገረው ነው። የጦር መሣሪያ መግዣ ዝቅተኛው ዕድሜ ወደ 21 ከፍ ብሏል፤ ለሽጉጥ ብቻ የነበረው የ3 ቀን የመቆያ ጊዜ ለሌሎች ጠመንጃዎችም እንዲሠራ ተደርጓል፤ አደገኛነቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ ሰው እጅ መሣሪያ እስከ 12 ወር እንዲወጣ ፖሊስ ጠይቆ ዳኛ ሊያዝ ይችላል። የዚህ ትእዛዝ መሠረት የሰውየው ድርጊትና ዛቻ እንጂ የሕመሙ ስም አይደለም። ጥቅሙም ከትምህርት ቤት አጥር ያልፋል፤ ራስን የማጥፋት ስሜት ብዙ ጊዜ በሰዓታት የሚያልፍ ሲሆን፣ በዚያች ሰዓት በእጅ ያለ ጠመንጃ ግን ለመዳን ዕድል አይሰጥም። ከ2020 ወዲህ በአሜሪካ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚውን ቦታ የያዘው የጦር መሣሪያ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

እንግዲህ የፍሎሪዳው ሕግ ጉድለት ሁለቱን ዓላማዎች መያዙ ሳይሆን አለመለየቱ ነው። የጥበቃ ድንጋጌ አደገኛ ድርጊትንና መሣሪያን፣ የሕክምና ድንጋጌ ደግሞ ሕመምተኛውን ሊመለከት ይገባል። የሕክምና ምሥጢርም ተጨባጭ አደጋ ካልታየ በስተቀር ከዲሲፕሊን መዝገብ ሊርቅ ይገባዋል። ተመሳሳይ ሕግ በየትም አገር ሲረቀቅ አስተያየት የሚጠየቅ የጤና ባለሙያ በጀቱን ብቻ አይቶ ማጽደቅ አይበቃውም፤ የታመመው ልጅ ስም በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደሚጻፍ ማንበብ ይኖርበታል።