ታክሲው ውስጥ የነበሩት ጋሽ ኃይሉ

ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የያዘ መንገደኛ፣ መሪውን የጨበጡት ኃይሉ መርጊያ መሆናቸውን በምን ያውቅ ነበር? የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት፣ የአዲስ አበባ ሂልተንን ያደመቁት ሰው! ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ በኋላም ኑሯቸውን በታክሲ ገፉት። በሙዚቃቸው ያደጉ ኢትዮጵያውያን አንዳንዴ ሲያውቋቸው ይሰማቸው የነበረውን ደስታ ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ተሳፋሪ ሲጠብቁ ያደርጉት የነበረውን ነው። ከመገናኛ ኮተቤ የሚጭን ሾፌር ተራው እስኪደርስ ሻይ ይጠጣል፣ ጨዋታ ይይዛል። ጋሽ ኃይሉ ግን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱ ይገባል፣ የተሳፋሪው ሻንጣ ይከተላል። ጭብጨባ የለ፣ ከፋይ የለ። ለዓመታት እንዲህ።

ያ ልምምድ ባይኖር ምን ይቀርብን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻቸው በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀዱት ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመ። የዓለም መድረኮች ሲጠሯቸው ጣቶቻቸው አልዛጉም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።