ጆርጅ ኤልየትና የንስሐ ነገር

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የራቀች ሴት የጻፈችው ልብ ወለድ ታሪክ ለክርስቲያን አንባቢ ምን ይጠቅመዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። እኛም ጆርጅ ኤልየት የተባለችውን የእንግሊዝ አገር ደራሲ መጻሕፍት ስናነብ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን አቅርበነዋል። ያገኘነውንም አንባቢ ይመዝነው ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን።

የደራሲዋ እውነተኛ ስም ሜሪ አን ኤቫንስ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1819 ዓመት በዎሪክሺር አውራጃ ተወለደች፤ አባትዋም የባለጠጋ ርስት አስተዳዳሪ ነበረ። በወጣትነትዋ እጅግ ሃይማኖተኛ ነበረች፤ በ1842 ግን ከአባትዋ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ለቤቱ ሰላም ስትል መሄዱን ብትቀበልም፥ ልብዋ አልተመለሰም። የክርስትናን ትምህርት የሚነቅፉ የጀርመናውያን መጻሕፍትን ተረጐመች። ከ1854 ጀምሮም ሚስት ካለው ከጸሐፊው ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር፥ እርሱ በ1878 እስከ ሞተ ድረስ፥ ያለ ጋብቻ ኖረች። ስለዚህም ወንድምዋ ከ20 ዓመት በላይ ዘጋት፤ በ1880 ሌላ ሰው በሕግ ባገባች ጊዜ ብቻ የደስታ ደብዳቤ ጻፈላት። በዚያው ዓመት ሞተች። ይህን መጻፋችን ለመፍረድ አይደለም፤ ከሰው ፍርድ በታች የኖረች ሴት ስለ ተፈረደበት ሰው እንዴት እንደ ጻፈች ለማስተዋል ነው እንጂ።

በ1859 የታተመው «አዳም ቢድ» የተባለው መጽሐፍዋ የአጎትዋ ሚስት ከነገረቻት ታሪክ የበቀለ ነው። ይህች ሴት የሜቶዲስት ሰባኪ ነበረች፤ ልጅዋን ገድላ ሞት ከተፈረደባት ወጣት ጋር በወህኒ ቤት በጸሎት ስታድር፥ ያች ወጣት የካደችውን በደል ተናዘዘችላት። በመጽሐፉም ሄቲ የምትባል መልከ መልካም ልጅ በአንድ ባለርስት ወጣት ተታልላ ትፀንሳለች፤ የወለደችውንም ሕፃን በዱር ትታው ትሄዳለች። በፍርድ አደባባይ እንደ ድንጋይ ደርቃ ትቆማለች። ሰባኪይቱ ዲና ግን ወደ ጨለማው ክፍል ገብታ ታቅፋታለች፤ ትጸልይላታለች። በመጨረሻም የሄቲ አፍ ይከፈታል። ከተናዘዘች በኋላ የሕፃኑ ልቅሶ ከጆሮዋ ይጠፋ እንደ ሆነ ትጠይቃለች። የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

በ1861 የታተመው «ሳይላስ ማርነር» ነገሩን በሌላ መንገድ ያሳያል። ባልሠራው ስርቆት የተከሰሰ ሸማኔ፥ የሃይማኖት ወንድሞቹ ዕጣ ጥለው በደለኛ ነህ ብለው ስለ ለዩት፥ ከሰውም ከእግዚአብሔርም ተስፋ ቈርጦ ወደ ሌላ መንደር ይሰደዳል። በዚያም 15 ዓመት ወርቅ ሲያከማች ይኖራል፤ ወርቁም ይሰረቅበታል። ከዚያ በኋላ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ እናትዋ በበረዶ ላይ የሞተችባት ሕፃን ወደ ቤቱ ትገባለች፤ ዓይኑ የደከመው ሸማኔም ጠጕርዋን ባየ ጊዜ ወርቁ የተመለሰለት ይመስለዋል። የሕፃንዋ አባት ጎድፍሪ ግን ቆሞ እያየ ልጄ ናት ሳይል ዝም ይላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከ16 ዓመት በኋላ የድንጋይ ጕድጓዱ ውኃ ሲደርቅ የሌባው አጥንት ከወርቁ ጋር ይገኛል፤ ሌባውም የጎድፍሪ ወንድም ነው። ጎድፍሪ በዚህ ደንግጦ ለሚስቱ ይናዘዛል። እርስዋም ቀድሞ ነግሮአት ቢሆን ልጅቱን ታሳድጋት እንደ ነበረ ትመልስለታለች። ልጅቱ ግን ያሳደጋትን ሸማኔ ትታ ወደ ሀብታሙ አባትዋ መሄድን እንቢ ትላለች። ኑዛዜው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶአል።

እነዚህ መጻሕፍት ነውር የላቸውም አንልም። ደራሲዋ ታሪኩን እያቋረጠች አንባቢውን ለረጅም ጊዜ ትመክራለች፤ ይህም ያሰለቻል። ከዚህ የሚበልጠው ጕድለት ግን ኑዛዜን የሚሰማ ሰው ርኅራኄ እንደሚበቃ ማሰብዋ ነው። ኃጢአትን የሚያስተሰርይ ማን እንደ ሆነ በራስዋ አንደበት አትናገርም። ሆኖም ዲና በወህኒ ቤት ወደ መድኃኔ ዓለም ስትጮኽ፥ ጸሎቱ ከማያምን ሰው ብዕር የወጣ አይመስልም፤ በልጅነት የተሰማ ቃል ከልብ ፈጽሞ እንደማይጠፋ ያስገነዝባል።

እንግዲህ ለጥያቄአችን መልሱ ይህ ነው። ክርስቲያን አንባቢ ሃይማኖትን ከጆርጅ ኤልየት ይማር አንልም። ነገር ግን ሳይመረምሩ በእግዚአብሔር ስም ሸማኔውን ያባረሩት ሰዎች ጸሎተኞች እንደ ነበሩ ልብ ይበል። ሄቲን ያናገራትም ዳኛው አይደለም፤ በጨለማው ክፍል አብራት የተቀመጠችው ሴት ናት። ወንድማችን በወደቀ ጊዜ ከሁለቱ ወገን በየትኛው እንደምንገኝ ብንጠይቅ፥ መጽሐፉን ያነበብንበት ጊዜ በከንቱ አልጠፋም።